ቅሪተ ኮከብ በመንዝ ሰማይ ላይ

ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወሩ ኖረው፣ በመጨረሻው ዘመናቸው ግን ከመንዝ በስተ ደቡብ በሚገኘው ውርጫማ ደጋ ላይ ረግተው ተቀመጡ፤ ከመጨረሻዎቹ 14 የንግሥና ዓመታቸውም 12ቱን ያሳለፉት በዚያው ነው። ምክንያቱ በዜና መዋዕላቸው እንደ ተጻፈው በዚያ ስፍራ ከሰማይ ብርሃን መታየቱ ነበር። ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በድንጋይ ተወግረው ከሞቱ ከ38 ቀን በኋላ ስለ ነበረ፣ ንጉሡ ፍርዳቸውን አምላክ እንዳጸደቀው ምልክት አድርገው ተረጐሙት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥት አነጹ፣ የስፍራውም ስም ደብረ ብርሃን ተባለ። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ዛሬ ለጉዳዩ የሚመላለስባት የሰሜን ሸዋ ዋና ከተማ እንግዲህ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ከታየ ብርሃን ነው።

የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ይህ ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. በምድር አጠገብ ያለፈው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። ሐሳቡ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ዳሩ ግን በትውፊት የሚነገረው ዕለት መጋቢት 10 ሲሆን፣ ጅራታሙ ኮከብ እጅግ ደምቆ የታየው ከሰኔ 19 እስከ 23 ባሉት ቀናት ስለ ነበረ ሁለቱ ቀኖች አይገጥሙም። የንጉሡን ብርሃን ለታሪክ ሊቃውንት ትቼ እኔ እዚህ ላይ ለመናገር የምደፍረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ብርሃኑ የፈነዳ ኮከብ ብርሃን አልነበረም። የፈነዳ ኮከብ ለብዙ ወራት ከአንድ ስፍራ ሳይነቃነቅ ያበራል፤ ዓለምም ሁሉ ያየዋል፤ ከ1181 እስከ 1572 እ.ኤ.አ. ባለው ረጅም ዘመን ውስጥ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሰማይን ሲጠብቁ የኖሩት የቻይና ጠፈር ተመልካቾችም ሆኑ ሌሎች እንደዚህ ያለውን ነገር በማያጠራጥር አኳኋን አልመዘገቡም።

ሆኖም ያ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በሌላ መንገድ ወደ ጉዳያችን፣ ማለት ወደ ፈነዳ ኮከብ ቅሪት፣ ያደርሰናል። በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ የሚመለሰው ይህ ኮከብ ዳግመኛ በሚጠበቅበት በ1758 እ.ኤ.አ.፣ ሻርል መሲየ የተባለው ፈረንሳዊ ጅራታም ከዋክብትን ሲያድን ሠውር (በሬ) ከተባለው የከዋክብት ክፍል ደቡባዊ ቀንድ ጫፍ አጠገብ አንዲት ደብዛዛ የብርሃን ጠብታ አየ፤ ጠብታዪቱ ግን እንደ ጅራታም ኮከብ ከሌሊት ወደ ሌሊት ስፍራ አትለውጥም ነበር። መሲየ ሌሎች እንዳይታለሉባት ብሎ በጻፈው መዝገብ ላይ በቍጥር 1 አሰፈራት። ጆን ቤቪስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1731 ቀድሞ አይቷት ነበር፤ በ1844 ደግሞ የአየርላንዱ መስፍን ሎርድ ሮስ በታላቅ ቴሌስኮፑ ተመልክቶ በሣላት ጊዜ እግሮቿን ዘርግታ የተኛች ሸርጣን ስለ መሰለችው የሸርጣን ኔቡላ የሚለው ስም ቀረላት። አንባቢ በስሙ እንዳይሳሳት፣ በዐውደ ነገሥት ሸርጣን በተባለው ክፍል ሳይሆን በሠውር ውስጥ የምትገኝ ናት።

በ1921 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ዓመታት የተነሡ ፎቶግራፎቿ ጎን ለጎን ሆነው ሲመረመሩ ደመናዪቱ እየሰፋች መሆኗ ታወቀ፤ የምትሰፋበትን ፍጥነት ይዘው ወደ ኋላ ያሰሉ ሰዎችም ሁሉ ነገር በአንድ ነጥብ ላይ የነበረበት ጊዜ ከ900 ዓመት ያህል በፊት መሆኑን ደረሱበት። ኤድዊን ሃብል በ1928 ይህን ስሌት ከቻይና መዛግብት ጋር አስተያይቶ፣ በ1054 እ.ኤ.አ. በዚያው ቀንድ ጫፍ የታየው «እንግዳ ኮከብ» ቅሪት ይህች ደመና ናት አለ፤ የኋላ ሊቃውንትም ምርምሩን አስፋፍተው ቃሉን አጸኑለት።

የቻይናው መዝገብ ኮከቡ የታየበትን ዕለት ጁላይ 4 ቀን 1054 ያደርገዋል። የእኛ የዘመን አቈጣጠር ከጥንቱ የጁልየስ ቄሣር አቈጣጠር ጋር እኩል የሚራመድ ስለ ሆነ ልወጣው አያስቸግርም፤ ዕለቱ ሐምሌ 10 ቀን 1046 ዓ.ም ነው። ይህን ቀን በአቈጣጠራችን ያገኘ ሰው ወዲያው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ጊዜው ክረምት ነው። በዚያ ሰሞን ኮከቡ ጎሕ ሳይቀድ በምሥራቅ በኩል ይወጣ ነበር፤ መንዝ ላይ የቆመ ሰው ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ ቍልቍል በሚያየው ገደል በኩል ማለት ነው፤ በቀን ብርሃን ሳይቀር ለ23 ቀን ያህል የታየውም ከሐምሌ 10 ጀምሮ እስከ ጾመ ፍልሰታ መግቢያ ድረስ ነበር። በእነዚህ ሳምንታት ግን የመንዝ ሰማይ ምን እንደሚመስል የአገሩ ሰው ያውቃል፤ ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ ሜዳውን ይሞላዋል፣ ዝናቡ በቀትር ይጀምራል፣ ፀሐይ ራሷ ሳትታይ የምትውልበት ቀን ብዙ ነው። ከሺህ ዓመት ወዲህ በሰማይ ከታዩት ድንቆች አንዱ የደጋውን ሰው የጎበኘው እንግዲህ ደመናው በጠነከረበት ወር ነው።

ነገር ግን ኮከቡ ቶሎ አላለፈም። ሰማዩ በሚጠራበት በመስከረም መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይወጣ ነበር፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ በሣሩ ላይ ሲያርፍ ሌሊቱን ሙሉ በራስ ላይ ይዞር ነበር፤ ብርሃኑ እየደከመ ሄዶ ከዓይን የተሰወረው በሚያዝያ 22 ቀን 1048 ዓ.ም ነው። ስለዚህ ሁለት በጋ ሙሉ በዚህ ደጋ ላይ አብርቷል፤ ለኪዳን የሚነሣ ካህን፣ ከብት የሚጠብቅ እረኛ፣ ሌሊት የሚጓዝ ነጋዴ ቀና ብሎ ያገኘው ነበር።

በዚያ ዘመን በባግዳድ የተወለደውና በግብፅ ለጊዜው የተቀመጠው ክርስቲያን ሐኪም ኢብን ቡጥላን ስለዚሁ ኮከብ ጽፏል፤ ኮከቡ ከታየ በኋላ በቊስጥንጥንያ ከዚያም በፉስጣጥ ብዙ ሕዝብ የጨረሰ ወረርሽኝ እንደ ተነሣ፣ የዓባይም ውሃ አንሶ እንደ ነበረ ይናገራል። ሐኪሙ መቅሠፍቱን ከኮከቡ ጋር ማያያዙ የዘመኑ ፍልስፍና ነው፤ ለእኛ ግን ከቃሉ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ስለ ውሃው የተናገረው ነው። የግብፅ ሙላት የሚመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ነውና፤ የመንዝን ምዕራባዊ ወገንና የመርሐቤቴን ቆላ የሚያጥቡት ወንጪትና ጀማ ዓባይ የሚገቡ ወንዞች ናቸው። ዓባይ በካይሮ ካነሰ በላይኛው አገር ዝናቡ ቀጥኗል ማለት ነው። በ1046 ዓ.ም አካባቢ የነበሩት ክረምቶች እንግዲህ እንደ ወትሮው የከበዱ አልነበሩ ይሆናል፤ ምናልባትም የዝናቡ መጥፋት ለገበሬው መከራ ሆኖ ሳለ፣ በደመናው ስንጣቂ ያ እንግዳ ኮከብ በንጋት ለዓይኑ ተገልጦለት ይሆናል።

የደጋው ሰው ወይም የቻይናው ጸሐፊ አዲስ ኮከብ ተወለደ ብሎ ቢያስብ የሚፈረድበት አይደለም፤ እውነቱ ግን የታየው የአሮጌ ኮከብ ሞት መሆኑ ነው። ከፀሐይ በስምንት እጅና ከዚያ በላይ የሚከብድ ኮከብ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ ከራሱ ክብደት ጋር ሲታገል ይኖራል፤ ክብደቱ ወደ ውስጥ ይጫነዋል፣ በእምብርቱ የሚነደው እሳት ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋል። በመጀመሪያ ሃይድሮጅንን ወደ ሄልየም ይለውጣል፤ ያ ሲያልቅ ሄልየምን ወደ ካርቦንና ኦክሲጅን፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይበልጥ የከበደውን ያነዳል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ሚሊዮኖች ዓመታት ሲፈጅ የመጨረሻው፣ ማለት ሲሊከን ወደ ብረት የሚለወጥበት፣ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ብረት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይቆማል፤ ብረት ነዶ ኃይል የማይሰጥ ንጥረ ነገር ነውና። በመንዝ ከድንጋይ ተሠርቶ በጓሳ ሣር የተከደነ ቤት መካከለኛው ምሰሶ ቢሰበር ጣሪያው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ውስጥ እንደሚደረመስ፣ እሳቱ ድጋፍ የነፈገው የኮከብ እምብርትም እንደዚሁ ወደ ውስጥ ይወድቃል። የምድርን ያህል ስፋት የነበረው እምብርት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተጨምቆ ጥቂት ዐሥር ኪሎ ሜትር የሚሆን ኳስ ይሆናል፤ ከዚያ ሊጨመቅ በማይችልበት ልክ ላይ ሲደርስ የወደቀው ሁሉ ተመልሶ ይነጥራል፤ ኒውትሪኖ የሚባሉት እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶችም ከውስጡ በማይቈጠር ብዛት ፈልቀው የውጩን አካል በትኖ ለመጣል የሚበቃ ኃይል ይጨምሩበታል። ይህ ነው ሱፐርኖቫ የሚባለው፤ አንድ ኮከብ ብቻውን ለጥቂት ሳምንታት የብዙ ቢሊዮን ከዋክብትን ያህል ያበራል።

የሸርጣን ኔቡላ ከእኛ 6,500 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ብርሃን እስኪደርስ 6,500 ዓመት ስለ ፈጀበት፣ በ1046 ዓ.ም የታየው ፍንዳታ በእውነቱ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 5,450 ዓመት ገደማ ነው። ይህ ቍጥር ሊቃውንቶቻችን ከዓለም ፍጥረት እስከ ልደት ከሚቈጥሩት 5,500 ዘመን ጋር መቀራረቡ ያስደንቃል፤ ሆኖም ርቀቱ የተለካው ከሺህ የብርሃን ዓመት በሚበልጥ ግድፈት ስለ ሆነ ሁለቱን አያይዞ ትርጓሜ ማውጣት አይገባም።

በደመናዪቱ መካከል ያ የተጨመቀው እምብርት እስከ ዛሬ አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. በራዲዮ ቴሌስኮፕ የተገኘው ይህ የኒውትሮን ኮከብ ክብደቱ ከፀሐይ የሚበልጥ ሲሆን ወርዱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከእርሱ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ቢወሰድ ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል። በዚህ ሁኔታ እያለ በየሰከንዱ 30 ጊዜ ይዞራል፤ በዞረ ቍጥርም ጨረሩ አንድ ጊዜ ወደ እኛ ይመለከታል። ታላቁ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የኮከቡ ሞት ከታየ ወደ ሺህ ዓመት ሊሞላው ሲል ቅሪቱ እንዴት እስከ ዛሬ ያበራል ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ በዚህ ዙረት ውስጥ ይገኛል። የኒውትሮን ኮከቡ በየቀኑ ከአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል 38 ያህል እየዘገየ ይሄዳል፤ በመዘግየቱ የሚያጣው ኃይል በጠንካራው መግነጢሱ አማካይነት ኤሌክትሮኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ እየገፋ በደመናዪቱ ውስጥ ይረጫቸዋል፤ እነርሱም በመግነጢሱ ዙሪያ ሲጠማዘዙ ያበራሉ። የጠፋው ኃይልና የሚታየው ብርሃን በሂሳብ ተመዝነው ተካክለዋል። ደመናዪቱ 11 የብርሃን ዓመት ያህል ወርድ አላት፤ በየሰከንዱም 1,500 ኪሎ ሜትር ወደ ውጭ ትሰፋለች።

ከእርሷ በኋላ የመጡት ሁለቱ ታላላቅ ከዋክብት የታዩት በጠራ ሰማይ ነው። ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ አዲሱን ኮከብ በሰሜን ሰማይ ያየበት ዕለት ኖቬምበር 11 ቀን 1572 በእኛ ኅዳር 15 ቀን 1565 ዓ.ም ነበር፤ ጾመ ነቢያት የሚገባበት ቀን ነው። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን በዚያች ምሽት ከሁለት ሰዓት ገደማ ጀምሮ መንዝ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው፣ ከአድማስ 39 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ እንደ አጥቢያ ኮከብ የሚያበራ ከዚያ በፊት ያልነበረ ብርሃን ከፊቱ ነበረለት። በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ነገሩ ከፍተኛ ሁከት አስነሣ፤ በአርስጣጣሊስ ትምህርት ከጨረቃ በላይ ያለው ሰማይ መለወጥ የማይነካው ስለ ነበረ ነው። ቲኮ ኮከቡን ከዙሪያው ከዋክብት ጋር እያነጻጸረ ቢለካው፣ ለቅርብ ነገር የሚገባውን ያህል ስፍራ የማይለውጥ ሆኖ ስላገኘው ከጨረቃ በላይ መሆኑን አረጋገጠ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ይህንኑ በመጽሐፍ አሳተመ።

በኢትዮጵያ ግን ስለ ሰማይ የሚነገረው ትምህርት ከአርስጣጣሊስ ብቻ የተቀዳ አልነበረም። ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 የብርሃናትን ሥርዐት ሲያትት፣ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ደጆች ወጥታ በምዕራብ በስድስት ደጆች እንደምትገባ፣ ዓመቱም 364 ቀን እንደሆነ መልአኩ ዑርኤል ለሄኖክ ያሳየውን ይነግራል። በዚያው መጽሐፍ ትእዛዝ የተላለፉ ከዋክብት ታስረው ይታያሉ። በእነዚህ ገጾች ያደገ የድጓ ወይም የባሕረ ሐሳብ መምህር አዲስ ኮከብ ቢያይ ሊደነግጥ ይችላል፤ የሰማይ ብርሃናት መለወጥ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ ግን ፈጽሞ አዲስ አይሆንበትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ታላቅ ኮከብ በአቅራብና በቀውስ መካከል የታየው ጥቅምት 2 ቀን 1597 ዓ.ም ነው፤ ዐፄ ዘድንግል በጦርነት የወደቁበት ዓመት መሆኑ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ በደቡብ ምዕራብ፣ ከመንዝ ሲታይ በጀማ ሸለቆ በኩል፣ ከማርስና ከጁፒተር አጠገብ ያበራ ነበር፤ ዮሐንስ ኬፕለር ስለ ጻፈበት የኬፕለር ኮከብ ይባላል።

እነዚህ ሁለቱ በአሟሟታቸው ከ1046ቱ ይለያሉ። ከእነርሱ በፊት የነበረው ኮከብ ነዶ ያለቀ፣ ጠባብና ነጭ ድንክ የሚባል ነበር፤ ከጓደኛው በወሰደው ቍስ ምክንያት ካርቦኑ በአንድ ጊዜ ተቀጣጥሎ ኮከቡን ጠርጎ አጠፋው፤ የተጨመቀ እምብርት አልተረፈም። ፍንዳታው የሚያወጣው ኒኬል በሳምንታት ውስጥ ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱ በወራት ውስጥ ወደ ብረት ይለወጣል፤ ቲኮ በቀን መቍጠሪያ የተከታተለው የብርሃኑ ቀስ በቀስ መድከም የዚህ ለውጥ ምልክት ነው። በዓለም ካለው ብረት የሚበዛው የተገኘው ከዚህ ዓይነቱ ፍንዳታ ነው። የመንዝ ገብስ የሚታረስበት ማረሻ፣ ከዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የሚቀጠቀጠው የባላገር ብረት፣ በሰውም ደም ውስጥ የሚገኘው ወደ 4 ግራም የሚሆን ብረት፣ ፀሐይ ከመፈጠሯ በፊት በእንዲህ ያሉ ከዋክብት ውስጥ የተሠራ ነው። ይህን የምናገረው ለማስደነቅ አይደለም፤ የብረቱን ታሪክ እስከ መነሻው ለመጻፍ የፈለገ ሰው ከዚህ በስተቀር ሌላ መነሻ አያገኝለትም።

ኬክሮሳችንም ለዚህ ምርምር የተመቸ ነው። መንዝ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ላይ ስላለ ሰሜኑንም ደቡቡንም ያያል። ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ያበራው ኮከብ በ1006 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ በግንቦት 5 ቀን 998 ዓ.ም፣ በደቡብ ታይቶ በፉስጣጥ ያደገው ሐኪም ዓሊ ኢብን ሪድዋን ወጣት ሳለ አይቶት ኋላ ጽፎለታል፤ ብርሃኑ የጨረቃን ሩብ ያልፍ ነበር ይላል። እርሱ በግብፅ ሆኖ ከአድማስ 22 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ያየው ኮከብ በመንዝ ሰማይ እስከ 41 ዲግሪ ይወጣ ነበር። ለብዙው የአውሮፓ አገር የማይታየው የቬላ ቅሪትም እዚህ በደቡብ 35 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ይህ ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ፣ ከእኛ 900 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ነው፤ አሁን እጅግ ተስፋፍቶ በሰማይ ላይ የሙሉ ጨረቃን ወርድ 16 ጊዜ ይሸፍናል፤ ክሩ የሚታየው ግን በካሜራ ብቻ ነው።

በዓይን የማይታየው ነገራቸው ደግሞ ወደ ደጋው ይደርሳል። ቪክቶር ሄስ በ1912 እ.ኤ.አ. በአየር ኳስ ከፍ ብሎ ሲለካ ከሰማይ የሚመጣ ኃይለኛ ጨረር መኖሩን አገኘ፤ ለዚህም በ1936 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከቅሪተ ከዋክብት ፍንዳታ ማዕበል ውስጥ ፕሮቶኖች እየተገፉ እንደሚወጡና ይህን ጨረር እንደሚያስገኙ በፌርሚ ሳተላይት አማካይነት በ2013 ተረጋገጠ። የጓሳ የኅብረተሰብ ጥብቅ ቦታ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ከአየሩ አንድ ሦስተኛው ያህል ከበታቹ ይቀራል፤ እዚያ የቆመ ሰው በዚሁ ኬክሮስ በባሕር ዳር ከሚኖረው ይልቅ ከእጥፍ በላይ የሆነ የዚህ ጨረር ፍንጣሪ በየደቂቃው በአካሉ ውስጥ ያልፋል። ያው የአየር መቅጠንና ከከተማ መብራት መራቅ ከዋክብቱን ለተመልካች ያጠራቸዋል።

የሸርጣንን ኔቡላ ለማየት የሚሻ ሰው በታኅሣሥ መጀመሪያ እኩለ ሌሊት ላይ ዝተቱን ደርቦ ወደ ላይ ይመልከት፤ ሠውር ከራስ በላይ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ይገኛል። ቀይ ዓይኑ አልደበራን ናት፤ ከዚያ ሁለቱ ቀንዶች ወደ ምሥራቅ ይዘረጋሉ፤ የደቡቡ ቀንድ ጫፍ ላይ ካለው ኮከብ አጠገብ ናት። ያለ መሣሪያ አትታይም፤ ባይኖኩላር በሚባለው የሁለት ዓይን መነጽር የጭጋግ ነጥብ ትመስላለች፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሞላላነቷ ይለያል። በአዲስ አበባ አፋፍ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በእንጦጦ የተተከሉት ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ደግሞ ከዚህ የበለጠውን ይገልጣሉ፤ እነርሱም የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ በኋላ የተገኙ የድካም ፍሬዎች ናቸው።

ከኬፕለር ወዲህ በዓይን የታየው ሱፐርኖቫ አንድ ብቻ ነው። የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም በትልቁ የማጄላን ደመና ውስጥ፣ ከ168,000 የብርሃን ዓመት ርቀት የታየው ይህ ኮከብ በመንዝ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በደቡብ ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ይነሣ ነበር። ከብርሃኑ ከሁለት ሰዓት በላይ ቀድመው ግን ኒውትሪኖዎቹ ደረሱ፤ በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከመሬት በታች የተቀበሩ መሣሪያዎች ከሃያ በላይ ቈጠሯቸው። ኒውትሪኖ ከእምብርቱ ወዲያው ያመልጣል፤ ብርሃኑ ግን ማዕበሉ የኮከቡን ቆዳ እስኪበጥስ ይጠብቃል፤ ልዩነቱ የመጣው ከዚህ ነው። በኦሪዮን ትከሻ ላይ የምትታየው ቀይ ኮከብ ቤቴልጅዩስ በሚመጡት 100,000 ዓመታት ውስጥ እንደዚሁ ትፈነዳለች ተብሎ ይጠበቃል፤ በመንዝ ከራስ በላይ በሦስት ዲግሪ ብቻ የምታልፍ ስለ ሆነ ደጋው ለዚህ እይታ ከሁሉ ይልቅ ከሚመቹት አገሮች አንዱ ነው፤ የእንጦጦ ቴሌስኮፖችም ወደ እርሷ ዞረው የመጀመሪያውን ብርሃን ለመቀበል ከኒውትሪኖዎቹ መልእክት በኋላ ጥቂት ጊዜ ይኖራቸዋል።